ስለ ማግኔትሮን የሰጠሁት ቃል

የወሰዱኝ ቅዳሜ ጠዋት፣ ልብስ እያጠብኩ ነው። እጄ እስከ ክርኔ ሳሙና እንደሆነ፣ ነጠላ ጫማ እንዳደረግኩ፣ ቀሚሴን ወገቤ ላይ እንደሸጎጥኩ ወጣሁ። ቀሚሴን መልቀቅ ትዝ ያለኝ መንገድ ላይ፣ ጎረቤቶቼ ከየበራቸው ሲያዩኝ ነው።

በደርግ ጊዜ ቤት ለቤት አሰሳ ከሚደረግባቸው ወራት አንዱ ነበር። ያኔ ከተማችንን አዋሳ ነበር የምንላት። ቤታችን ታቦር ተራራ ሥር ነው። አሰሳው ከላይ ካሉት ቤቶች ጀምሮ ወደ ታች ስለሚወርድ እንደሚመጡ ከማለዳው አውቄያለሁ። አልፈራሁም። ጠመንጃ የለኝም፤ የሚደበቅ ወረቀትም የለኝም። ሁለት አብዮት ጠባቂዎችና አንድ ካኪ የለበሰ ሰው ገቡ። ቁም ሣጥኑን ፈተሹ፣ ፍራሹን ገለበጡ፣ ከዚያ አንደኛው ጠባቂ ከአልጋው ሥር አንድ የእንጨት ሣጥን ጎትቶ አወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የባለቤቴ ዕቃ ነው።»

ክዳኑን ከፍቶ፣ ዕቃው የተጠቀለለበትን ጨርቅ ሊፈታ ጎንበስ ሲል ጠመንጃው ከትከሻው ላይ ተንሸራተተ። አፈሙዙ በድንገት ተስቦ ጧ ብሎ ዕቃው ላይ ተለጠፈ። ሰውየው ቢጎትት አልላቀቅ አለው።

«ቦምብ!» ብሎ ጮኸ። ሦስቱም በሩ ላይ ተጋፍተው ወጡ። ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና ጠመንጃው ነን።

ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን አልሳቅኩም። ከውጭ ሆነው «እጅ ወደ ላይ!» ሲሉኝ ሳሙና ያረፈባቸውን እጆቼን አነሣሁና፣ «ቦምብ አይደለም» አልኳቸው። «ማግኔትሮን ነው። የመርከብ ራዳር ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው። አይፈነዳም። ጠመንጃውን ወደ ጎን እያንሸራተታችሁ ብትስቡት ይላቀቃል።»

«አላውቅም» ብል ኖሮ ምናልባት ዕቃውን ይዘው፣ እኔን ትተውኝ ይሄዱ ነበር። ካኪ የለበሰው ሰው ግን ራዳር የሚለውን ቃል ያውቀዋል።

ባለቤቴ ምጽዋ የመርከብ ራዳር ጠጋኝ ነበር። ከተጋባን አራት ዓመት ሆኖን ነበር፤ አብረን የኖርነው ቢደማመር ግን አንድ ዓመት አይሞላም። እኔ እዚህ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነኝ። አንድ ጊዜ አዳዲስ ሠልጣኞች እንዲያስተምር ታዘዘ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የሠልጣኞቹ እንግሊዝኛ ደግሞ ደከም ያለ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ማስታወሻ መጻፍ ጀመረ። የእጁ ጽሕፈት ግን ለራሱም አይነበብለትም። ምዕራፍ በጨረሰ ቁጥር በፖስታ ይልክልኛል። እኔ አለቃዬን አስፈቅጄ፣ ሥራ ካለቀ በኋላ በመሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት መኪና እተይብና መልሼ እልክለታለሁ። ያልገባኝን ዓረፍተ ነገር አሰምርበትና ጠርዙ ላይ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብዬ እጽፋለሁ። እሱ አብራርቶ ይመልስልኛል። አንዳንዱን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ ተይቤዋለሁ። ሌሎች ባልና ሚስት ስለ ናፍቆት ይጻጻፉ ይሆናል። እኛ ዓመቱን ሙሉ ስለ ማግኔትሮን ተጻጻፍን። ናፍቆቱም እዚያው ውስጥ ነበር።

ለዕረፍት ሲመጣ ከሻንጣው ውስጥ ያን ሣጥን አወጣ። «ስትተይቢው የከረምሽውን ነገር አንድ ቀን እንኳን በዓይንሽ እዪው» አለኝ። እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፈ፣ ከሁለት መዳፍ የሚሰፋ ጥቁር ማግኔት ነው። በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ክብ የመዳብ ቁራጭ ይዟል፤ ከመዳቡ የብርጭቆ አንገት ወጥቷል። ዕድሜውን ጨርሶ የተጣለ ነበር። አለቃው «ውሰደው» ብሎታል፤ ወረቀት ግን አልሰጠውም። ባሕርም መርከብም አይቼ የማላውቅ ሴት፣ ያን ከባድ ነገር ጭኔ ላይ አድርጌ የእያንዳንዱን ክፍል ስም ስጠራለት የሣቀውን ሣቅ አልረሳውም። ጥሎልኝ ሄደ። ከስጦታ ሁሉ ያስደሰተኝ እሱ ነበር።

ያሰሩን ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ የበርበሬ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ዛሬ ባህል አዳራሽ በሚባለው ክፍለ ከተማ ውስጥ። በርበሬው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን አልወጣም። በሩ ሲከፈት ንፋስ ከገባ የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የቀረው ዱቄት ይነሣና ሁላችንም እናስነጥሳለን። መጀመሪያ ስገባ ዓይኔ ዕንባ አቀረረ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «አይዞሽ፣ ልቅሶ እንዳይመስልሽ፣ በርበሬው ነው» አለችኝ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቀን ቀን አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከሐይቁ መጥተው ያርፉበታል፤ በዚያ ረጃጅም እግራቸው ሲራመዱ በላያችን ላይ ጫማ ያደረጉ ሰዎች የሚመላለሱ ይመስላል።

ከእኔ ጋር ዘጠኝ ሴቶች ሆንን። በዕድሜ ትልቋ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ወገናቸው ከስልጤ ነው፣ «ዕቃ ደበቁ» ተብለው ነው የገቡት። «አይዞሽ» ያለችኝ ሲዳማ ናት። ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበለተች ትኖር ስለነበር ዓሣ በላቿ እንላት ነበር። ቤቷ ውስጥ ከጥቂት ሰዎች ጋር ስትጸልይ ተይዛ ነው የመጣችው።

መርማሪው ሰኞ ጠራኝ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ የሸሚዙ ኮሌታ ንጹሕ ነው፣ አነጋገሩም ሰብሰብ ያለ። ማግኔትሮኑ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ጥግ ላይ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ሽፋን የለበሰ የጽሕፈት መኪና አየሁ። መርማሪው ሥራ ሲጀምር ልማዱ ነው መሰለኝ፣ የእጅ ሰዓቱን ፈታና ፊት ለፊቱ አኖረ።

«ይቅርታ» አልኩት፣ «ሰዓትዎን ያርቁት። ማግኔቱ ያቆመዋል።»

ፈገግ አለ። ሰዓቱን አነሣና ይበልጥ ወደ ማግኔቱ አስጠጋው።

«ከማን ጋር ነው የምትገናኙበት?»

«መገናኛ አይደለም።»

«ራዳር ነው ብለሻል።»

«የራዳር አንድ ክፍል ነው።»

«ራዳር ሞገድ ይልካል አይደል?»

«ይልካል።»

«የሚልክ ነገር መገናኛ ነው። ታዲያ ለማን ነው የምትልኩበት?»

 የማውቀው መልስ በባለቤቴ ማስታወሻ ቋንቋ ብቻ ነው። ስለ ካቶዱ፣ ስለ ሞዱሌተሩ፣ ስለ ቮልቱ ዘረዘርኩለት። ባብራራሁ መጠን ዓይኑ እየጠበበ ሄደ። በመጨረሻ ሰዓቱን አነሣ። ቆሟል። ነቀነቀው፣ ጆሮው ላይ አደረገው። ፊቱ ላይ መጀመሪያ የመጣው ድንጋጤ ነው፤ ቁጣው የተከተለው ቆይቶ ነው።

«አንዲት ታይፒስት ይህን ሁሉ ከየት አወቀች?» አለ። «ማን ነው ያሠለጠነሽ?»

እውነት መናገሬ እንደዚያ ይዞርብኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ደወል ደወለ። ሁለት ሰዎች መጥተው ወደ ሌላ ክፍል ወሰዱኝ። እዚያ የሆነውን አልጽፈውም። ለአሥር ቀን ያህል ነጠላ ጫማዬ እግሬ ላይ አልገባ አለኝ፤ ይህን ማለት ይበቃል።

ዓሣ በላቿ በጨው ውኃ እግሬን አጠበችልኝ። እያጠበች በሲዳምኛ የሆነ ነገር ታንጎራጉራለች፤ ጸሎት ይሁን ዘፈን አልጠየቅኳትም። ነጋዴዋ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ምን አድርገሽ ነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አልገባኝም። እንደገና።»

«እትዬ፣ ደክሞኛል።»

«ይድከምሽ። እኔ ካልገባኝ እሱም አልገባውም። ሳይገባው ነው የመታሽ። በሚቀጥለው ሲጠራሽ እንዲገባው አድርገሽ ትነግሪዋለሽ። በይ ጀምሪ።»

ሦስት ቀን ፈጀብን። መጀመሪያ የያዝነው ጠርሙስ ነው። ውኃ የምናስቀምጥበት ባዶ የዘይት ጠርሙስ ነበረን።

«ጠርሙስ አፉ ላይ ሲነፉበት ይጮኻል አይደል?» አልኳቸው።

ዓሣ በላቿ አንሥታ ነፋችበት። ቡው አለ።

«ይህ ገባኝ» አሉ ነጋዴዋ።

«መዳቡ ውስጥ፣ መሃል ላይ፣ አንድ ሰፊ ቀዳዳ አለ። በዙሪያው ስምንት ትናንሽ ጉድጓዶች አሉ። እነሱ እንደ ጠርሙሱ ናቸው።»

«የሚነፋባቸው ማን ነው?»

«ኤሌክትሮኖች ናቸው። መሃል ላይ የቆመች ዘንግ አለች። ስትግል ከላይዋ ላይ ይተናሉ።»

«እንደ እንፋሎት?»

«እንደ እንፋሎት ይሁን። የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ዳር ይስባቸዋል። ዝም ቢባሉ ቀጥ ብለው ሄደው ግድግዳውን ይመታሉ። ማግኔቱ ግን ወደ ጎን ያጣምማቸዋል። ስለዚህ ይዞራሉ። ሲዞሩ በጉድጓዶቹ አፍ ላይ ያልፋሉ።»

ነጋዴዋ ግራ ገባቸው። ያን ጊዜ ዓሣ በላቿ ብድግ አለች። ሌሎቹ ሴቶች እንደተለመደው ግድግዳውን ተደግፈው ዙሪያውን ተቀምጠዋል። «እኔ አንዷ ኤሌክትሮን ልሁን» አለች። ከመሃል ተነሥታ ወደ ግድግዳው ስትራመድ የቀሚሷን እጅጌ ይዤ ወደ ጎን ሳብኳት። ማግኔቱ እኔ ነኝ፤ በእግሬ መቆም ስላልቻልኩ ተቀምጬ ነው የምስባት። ዞረች። በእያንዳንዷ ሴት ፊት ስታልፍ ያቺ ሴት በአፏ «ውው» እንድትል ነገርናቸው። መጀመሪያ ሣቅ በሣቅ ሆነ። ሁለተኛውን ዙር ስትዞር ግን ድምፁ ተያያዘ። ሦስተኛው ላይ ክፍሉ በሙሉ ያስገመግም ጀመር። ሌላ ሴት ተነሣች፣ ሌላም ተከተለች። ልብ አልኩ፤ ሴቶቹ እርምጃቸውን ሳያውቁት ከድምፁ ጋር አስማምተዋል። ተበታትነው የጀመሩት ተሰልፈዋል፤ በተሰለፉ መጠንም ድምፁ ይበረታል።

ባለቤቴ ማስታወሻው ውስጥ «ሞገዱ ራሱ ኤሌክትሮኖቹን በረድፍ ይሰበስባቸዋል፣ የተሰበሰቡት ደግሞ ሞገዱን ያበረቱታል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረው። ሦስት ጊዜ አስምሬበታለሁ፣ ሦስት ጊዜም አብራርቶልኛል። የገባኝ ግን ያን ቀን፣ በርበሬ መጋዘን ውስጥ ነው።

ዘበኛው በሩን በሰደፍ መታ። «ምንድን ነው? ጸሎት ነው?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ዓሣ በላቿን አየኋት፤ እንደገና በጸሎት ከተከሰሰች ምን እንደሚደርስባት ሁላችንም እናውቃለን።

«አይደለም ልጄ!» አሉ ነጋዴዋ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «መሠረተ ትምህርት ነው! አብዮቱ ተማሩ አላለም?»

ዘበኛው ትንሽ ቆመና ሄደ።

«ከዚያስ?» አሉኝ ነጋዴዋ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«ከዚያ ጩኸቱ በአንድ ቀዳዳ ይወጣል። በቧንቧ ወደ መርከቡ አናት ይወሰዳል። ከዚያ ባሕሩ ላይ ይለቀቃል። ሌላ መርከብ ወይም ዓለት ካገኘ ነጥሮ ይመለሳል።»

«የእኛ ጀልበኞችም እንደዚያ ያደርጋሉ» አለች ዓሣ በላቿ። «ጠዋት ሐይቁ ጭጋግ ሲሆን ይጮኻሉ። ድምፁ ቶሎ ከተመለሰ ዳሩ ቅርብ ነው፤ ቶሎ ካልተመለሰ ሩቅ ነው።»

«እንደዚያው ነው።»

ነጋዴዋ ጠጋ አሉኝ። «እና ይሄ ዕቃ ምን እያለ ነው የሚጮኸው?»

«ምንም አይልም። ዝም ብሎ ይጮኻል።»

«ወሬ አይነግርም?»

«አይነግርም።»

«እገሌ መጣ፣ እገሌ ሄደ አይልም?»

«አንድም ቃል አይልም፣ እትዬ።»

መሬቱን በመዳፋቸው መቱት፤ በርበሬው ተነሥቶ ሁላችንም አስነጠስን። «ታዲያ ምነው ይህን ሳትነግሪው! ይጮኻል እንጂ አይናገርም በይዋ! በቃ! ምን ካቶድ ካቶድ ትይበታለሽ!»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አስጠኑኝ። እሳቸው መርማሪ ይሆናሉ፣ እኔ እመልሳለሁ። ከሁለት ሴቶች በስተቀር በዚያ ክፍል ማንበብና መጻፍ የሚችል አልነበረም። ሳምንቱ ሲያልቅ ግን ዘጠኛችንም ማግኔትሮን እንዴት እንደሚሠራ እንናገር ነበር።

እንደገና የተጠራሁት እግሬ ጫማ መቀበል ከጀመረ በኋላ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። መርማሪው ፋታ የለውም። የክፍሉ ታይፒስት ወልዳ ቀርታለች። የጽሕፈት መኪናው ሽፋን ተነሥቷል፤ አጠገቡ በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ተቀምጧል።

«ታይፒስት አይደለሽ?» አለኝ። «ቃልሽ ተጽፎልሻል። በሦስት ኮፒ ተይቢውና ፈርሚ። ከፈረምሽ ዛሬ ቤትሽ ታድሪያለሽ።»

ሲጋራውን ይዞ ወደ በረንዳው ወጣ። በሩ ክፍት ነው። ጀርባው ይታየኛል።

ገጹን አነበብኩት። ከላይ ስሜ አለ። ባለቤቴ ለፀረ አብዮት ኃይሎች መረጃ የሚያስተላልፍበትን የሬዲዮ መሣሪያ አምጥቶ እንዳስቀመጠ፣ እኔም አጠቃቀሙን እንደሠለጠንኩ ይናገራል። የተጻፈው በጥሩ አማርኛ ነው። እሱን መተየብ አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም። ቤቴ፣ አልጋዬ፣ ንጹሕ ውኃ ታሰቡኝ። ምጽዋ ያለው ሰው ደግሞ ታሰበኝ። ከዚህ ወረቀት በኋላ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልገኝም ነበር።

ሦስት ወረቀት አነሣሁ፣ ካርቦን አስገባሁባቸው፣ አስተካክዬ ጠቀለልኳቸው። ያን የተጻፈልኝን ገጽ ገለበጥኩት። መተየብ ጀመርኩ። እሱ በረንዳው ላይ ሆኖ የቁልፉን ድምፅ ይሰማል፤ ድምፁ አላቋረጠም፣ ስለዚህ ዞር ብሎም አላየኝ። የተየብኩት ይህን ነው።

«ከቤቴ የተገኘው ዕቃ ማግኔትሮን ይባላል። በመርከብ ራዳር ማሠራጫ ውስጥ ሞገድ የሚፈጥረው ክፍል ነው። መሃሉ ክብ መዳብ ነው። በመዳቡ መካከል አንድ ሰፊ ቀዳዳ፣ በዙሪያውም ስምንት ትናንሽ ጉድጓዶች አሉ። በሰፊው ቀዳዳ መሃል የቆመው ዘንግ ሲግል ኤሌክትሮን የሚባሉ እጅግ ደቃቅ ነገሮች ከላዩ ላይ ይተናሉ። ለመጋልም ሦስት ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ኃይል ኤሌክትሮኖቹን ወደ መዳቡ ይስባቸዋል፤ ማግኔቱ ግን መንገዳቸውን ያጣምማል። ስለዚህ እየዞሩ በጉድጓዶቹ አፍ ላይ ያልፋሉ። ጠርሙስ አፉ ላይ ሲነፋበት እንደሚጮኸው ጉድጓዶቹም በሞገድ ይጮኻሉ። ሞገዱ ኤሌክትሮኖቹን በረድፍ ይሰበስባቸዋል፣ የተሰበሰቡት ደግሞ ሞገዱን ያበረቱታል። ሞገዱ በቧንቧ ወደ አንቴናው ይወጣል፣ ያገኘው ነገር ላይ ነጥሮ ይመለሳል፣ ሄዶ የተመለሰበት ጊዜ ተለክቶ ርቀቱ ይታወቃል። ጥቅሙ መርከብ በጨለማና በጭጋግ እንዳይጋጭ ነው።

«ይህ ዕቃ አርጅቶ የተጣለ ነው። ባይጣልም ኖሮ ብቻውን አይሠራም። ዘንጉን የሚያግል፣ በሺህ የሚቆጠር ቮልትም በአጭር በአጭሩ የሚሰጥ መሣሪያ ይፈልጋል። ያ መሣሪያ ያለው መርከብ ላይ ነው። ማግኔትሮን ይጮኻል እንጂ አይናገርም። በዚህ ዕቃ ባለቤቴ ለማንም መልእክት አልላከም፤ እኔም አልላክኩም።»

ወረቀቱን ስስብ መርማሪው ገባ። ተቀብሎኝ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ከዚያ ተቀመጠ። ከጣሪያው ላይ የአባ ኮዳ እግር ይሰማል። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። 

«ይሄ የሰጠሁሽ አይደለም» አለ።

«አይደለም።»

«ለምን?»

«እርስዎ የሰጡኝ ላይ ያለው ስም የእኔ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ አይደለም። የማውቀውን ጻፍኩ።»

የላይኛውን ቅጂ ቀደደው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ቀዶ ቅርጫቱ ውስጥ ጣለው። ከዚያ እጁ ላይ የቀሩትን የካርቦን ቅጂዎች አየ። ሊቀድዳቸው ነው ብዬ ስጠብቅ እንደገና ማንበብ ጀመረ፤ በዚህ ጊዜ ቀስ እያለ ነው። ጠርሙሱ ጋ ሲደርስ መሰለኝ ቀና ብሎ ማግኔትሮኑን አየው።

«እውነት ብቻውን አይሠራም?»

«ከተጣለ ብረት አይለይም። የፈለጉትን ባትሪ ያያይዙበትና ይሞክሩት።»

እጁን ወደ ማግኔትሮኑ ዘርግቶ መለሰው። የእጅ አንጓው ላይ ሰዓቱ የነበረበት ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል።

«ሰዓቴስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይመለሳል?»

«ሰዓት ሠሪ ይውሰዱት። ያደረበትን ማግኔት ያወጣለታል።»

ሁለቱን ቅጂዎች ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው። ሂጂ አላለኝም፤ ቆዪም አላለኝም።

«ልፈርምባቸው?» አልኩት።

 እስክሪብቶው ፊት ለፊቱ ነበር። ብድግ ብዬ አነሣሁት። ተቀምጬ ሳይሆን ቆሜ፣ በሁለቱም ቅጂዎች ግርጌ ሙሉ ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩ፤ ከሥሩም ፈረምኩ። እስክሪብቶውን መልሼ አኖርኩና ወደ በሩ ሄድኩ። እግሬ ያመኛል። እያነከስኩ ላለመሄድ ተጠነቀቅሁ።

መጋዘኑ ውስጥ ስገባ ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ።

«ገባው?» አሉ ነጋዴዋ።

«የገባው ይመስለኛል።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ዓሣ በላቿ ከቆጮዋ ቆርሳ ሰጠችኝ።

ያን ቀን ቤቴ አላደርኩም። ከዚያ በኋላ አራት ወር ቆየሁ፤ እንደገና ግን አልተጠራሁም፣ አልተመታሁምም። አንድ ረቡዕ ጠዋት በሩ ተከፍቶ ስሜ ተጠራና «ሂጂ» ተባልኩ። ለምን እንደታሰርኩ የነገረኝ የለም፤ ለምን እንደተፈታሁም የነገረኝ የለም። ዕቃውም አልተመለሰልኝም።

ምክንያቱን የሰማሁት ከባለቤቴ ነው፤ በዓመቱ ፈቃድ አግኝቶ ሲመጣ። እሱንም ጠርተው ስለ ዕቃው ቃሉን እንዲጽፍ አድርገውት ነበር። የእኔን ፊርማ የያዘ አንድ የካርቦን ቅጂ ምጽዋ ድረስ ሄዷል። የጠየቀው ሰው ራዳር የሚያውቅ ሰው ነው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ አነበበና «ከባለቤትህ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ነው እንዴ የተማራችሁት?» አለው። ጉዳዩ እዚያ ላይ ተዘጋ።

«አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ከእኔ ማስታወሻ አይደለም» አለኝ ባለቤቴ። «ይጮኻል እንጂ አይናገርም የምትለዋ። ከየት አመጣሻት?»

«ከአንዲት ጨርቅ ነጋዴ» አልኩት። ታሪኩን ስነግረው እኩለ ቀን አለፈ። ስጨርስ ተነሥቶ ፊቱን ታጥቦ ተመለሰ። በኋላ ለሠልጣኞቹ ሲያስተምር በዚያች ዓረፍተ ነገር ይጀምር እንደነበር ነግሮኛል።

ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ነጋዴዋ ደግሞ ከእሱ በፊት ነው ያረፉት፤ ቀብራቸው ላይ ተገኝቻለሁ። ዓሣ በላቿ በሕይወት አለች። አልፎ አልፎ በባጃጅ ታቦር ድረስ ትመጣና እንጫወታለን። ስለዚያ ጊዜ የምናነሣው ጥቂት ነው፤ ከተነሣም እንሥቃለን። ልጆቼ ምኑ እንደሚያስቀን አይገባቸውም።

ሰዎች ስለ እስር ቤት ሲጠይቁኝ የሚጠብቁት ሐዘን እንደሆነ አውቃለሁ። ሐዘኑም አለ፤ ክረምት ሲመጣ እግሬ ያስታውሰኛል። ቀድሞ የሚመጣልኝ ግን እሱ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ታይፒስት ሆኜ ሠርቻለሁ። ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ሪፖርት፣ የሹመትና የስንብት ወረቀት፤ ስንት ሺህ ገጽ እንደተየብኩ አላውቅም። ሁሉም የሌላ ሰው ቃል ነው፤ ከሥሩ የሌላ ሰው ፊርማ አለበት። ከዚያ ሁሉ መሃል አንዱ ገጽ፣ አንድም የተሰረዘ ፊደል የሌለበት፣ የእኔ ነው።